ድምፄን የሚፈልግ ሰው ስለ ግብር ያውራኝ

ሰሞኑን ድሬ ውስጥ ከሰው ጋር ቁጭ ካላችሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ ምርጫ ላይ መምጣቱ አይቀርም። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወደ ሳቢያን በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ፣ ሁሉም ቦታ። ሰው ማውራቱ ደስ ይለኛል፤ ዝም ከማለት ይሻላል። የሚያሳስበኝ ወሬው የሚያልቅበት ቦታ ነው። ሁልጊዜ መሪዎቹ ላይ ያልቃል። ዐቢይ ይቀጥል፣ አይቀጥል። የእንትን ፓርቲ መሪ ቆራጥ ነው፣ አይ ለዘብተኛ ነው። ከዚያ የከተማችን የቆየ ጉዳይ ይመጣል፣ አርባ አርባ ሃያ የሚባለው የሥልጣን ክፍፍል ይነሳል፣ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ሰው ተኮራርፎ ይለያያል። ስለ ግብር ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ያው ሰው በማግስቱ ቀፊራ ሲገበያይ የሚያማርረው ግን ስለ ግብርና ስለ ኑሮ ውድነት ነው።

እኔ እንጀራዬ የደመወዝ ሂሳብ ነው። ወር በመጣ ቁጥር የሠራተኛውን ደመወዝ እሠራለሁ፣ ግብርና ጡረታ እቀንሳለሁ፣ ከዚያ «ለምን ይሄን ያህል ተቆረጠብኝ?» እያለ የሚመጣውን ሰው አስረዳለሁ። ማስረዳት እችላለሁ፤ ማስተካከል ግን አልችልም። ማስተካከል የሚችሉት እኛ የምንመርጣቸው ሰዎች ናቸው።

እስቲ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን እናስበው። እዚህ ድሬዳዋ ለምንመርጥ ሰዎች የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም እዚያ ላይ የለም። የየትኛውም ትልቅ ፓርቲ መሪ ስም፣ ሰውየው እዚሁ ካልተወዳደረ በቀር፣ የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው የሚመረጠው። መራጮቹም እነዚያው አባላት ናቸው። ድሬዳዋ እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ያላት ሁለት ወንበር ነው። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ለእነዚያ ወንበሮች የሚወዳደሩትን ሰዎችና የከተማችንን ምክር ቤት አባላት ነው። የዕጩዎቹን ስም አሁን በቃሉ የሚነግረኝ ስንቱ ነው? አጠገቤ ያሉትን ጠይቄያለሁ። አያውቁም።

መሪ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። የፓርቲ አባል ምክር ቤት ገብቶ እጁን የሚያወጣው በአብዛኛው ፓርቲው ባለው መንገድ ነው፤ ፓርቲውን ደግሞ መሪው ይመራዋል። ግን በመሪ ማንነት ላይ ብቻ የተሰጠ ድምፅ ቶሎ መሬት ይለቃል። የ2013ቱን አስታውሱ። ሰኔ 14 ተመረጠ፣ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አገኘ። መስከረም 26 ቀን 2014 ካቢኔው ሲሾም የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ፣ የአብኑ በለጠ ሞላ፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ ሚኒስትር ሆኑ። አብሮ መሥራቱን አልቃወምም፣ እንዲያውም ለአገር ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን «እሱ ተቃዋሚ ስለሆነ መረጥኩት» ያለ ሰው፣ የመረጠው ሰው ካቢኔ ሲገባ የሚይዘው ነገር አጣ። የግብር አቋሙን አይቶ መርጦ ቢሆን ኖሮ ሰውየው የትም ይግባ የት፣ «ያልከው ነገር የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ።

ሐምሌ 10 ቀን 2017 የገቢ ግብር ማሻሻያው ጸደቀ። ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ጥሩ ነው። 600 ብር ላይ ተቀምጦ የቆየው ከ2008 ጀምሮ ነበርና መሻሻሉ የግድ ነበር። የወር ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሰው በድሮው 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር። 10,000 የሚያገኘው ከ2,045 ወደ 1,650 ወረደለት። ይሄን የምናገረው በደስታ ነው፤ ሠራተኛው ፊት ላይ አይቼዋለሁና።

ግን ታሪኩ እዚያ አያበቃም። መስከረም 2018 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ገባ። በድሮው ደመወዝና በድሮው ስሌት ግብሩ 1,170 ብር ነበር። በአዲሱ ደመወዝና በአዲሱ ስሌት 2,100 ብር ሆነ። ከደመወዙ ሲታይ ከመቶ 17 ገደማ የነበረው ከ18 አለፈ ማለት ነው። ግብሩ ተቀነሰ ከተባለ በኋላ! አሮጌው ስሌት ቢቀጥል ኖሮ 2,525 ይሆንበት ነበር፣ ይሄን አልክድም። ነገር ግን በጨመረው ብር ጤፍና ዘይት ሲገዛ ያው ሰው በኑሮው ከፍ አላለም፤ ከፍ ያለው የግብር እርከኑ፣ ማለትም ደመወዙ የሚገባበት የግብር ደረጃ ነው።

ሌላም አለ። በ2008 ትልቁ የደመወዝ ግብር መጣኔ፣ 35 በመቶ፣ የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ ወደ 500 ዶላር ገደማ። አሁን የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ባለው ምንዛሪ 14,000 ብር ስንት ዶላር ነው? አዋጁ በጸደቀበት ሰሞን ከ100 ብዙም አይርቅም ነበር። የሀብታም የነበረው መጣኔ አሁን የመምህርና የነርስ ሆኗል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮም ነፃ የሚሆነው መጠን ከ2,000 በላይ እንዲሆን ጠይቆ ነበር፤ አልሆነም። እንግዲህ እኔ ከዕጩ የምፈልገው «ግብር እንቀንሳለን» የሚል ቃል አይደለም። እርከኑ ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ወይ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ በሕግ ታስገባለህ ወይ? ይሄንን ይመልስልኝ። አለዚያ ሌላ ዘጠኝ ዓመት እንጠብቃለን።

ደመወዝተኛ ያልሆነውስ? እሱም ከፋይ ነው። ሳሙና የምትገዛ እናት 15 በመቶ ቫት ትከፍላለች፤ ወረቀት ላይ ስለማታየው ግን ከፋይ መሆኗን ራሷም አታውቅ ይሆናል። ሱቅ ስትገቡ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» የሚለውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። ያለ ደረሰኝ ቀነስ ይላል፣ ሰው ደግሞ ኪሱን ያያል። በደረሰኝ የሚሸጠው ነጋዴ ይጎዳል፣ ታማኝነቱ ቅጣት ይሆንበታል።

የነጋዴው ጉዳይ ለድሬ ትልቅ ነው፤ ይህች ከተማ ከባቡሩ ጀምሮ በንግድ ነው የቆመችው። በአዲሱ አሠራር ትንንሾቹ ነጋዴዎች የነበሩበት ደረጃ ሐ ቀርቷል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነው ደረጃ ለ ሆኖ ግብሩ ከሽያጩ ላይ ይሰላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ሀ ሆኖ መዝገብ መያዝ አለበት። 2 ሚሊዮን ብዙ ይመስላል አይደል? በቀን ሲካፈል 5,500 ብር እንኳን አይሞላም። ቀፊራ ዘይትና ስኳር የሚቸረችር ትንሽ ሱቅ ያንን በግማሽ ቀን ሊሸጥ ይችላል፣ ትርፉ ግን ከእያንዳንዱ ሊትር የምትገኝ ጥቂት ብር ናት። ሽያጭና ትርፍ አንድ አይደሉም። በ2009 «የቀን ገቢ ግምት» የተባለው ነገር ስንቱን ነጋዴ ሱቅ እንዳዘጋ የሚያስታውስ ሰው ይህ ጉዳይ እንደ ቀልድ የሚታለፍ እንዳልሆነ ይገባዋል። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ በኮንትሮባንድ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፍል የሚሸጠው እያለ በሕጋዊ መንገድ ያስገባው ሰው እንዴት ይወዳደር? ለዚህ መልስ ያለው ዕጩ ካለ እሰማዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያየው ደግሞ የከተማ ምክር ቤቱ ምርጫ ነው። «እሱ ምን ያደርጋል» ብለው ይተዉታል። የንብረት ታክስ አዋጅ ጥር 2017 በፓርላማ ጸድቋል፤ ማዕቀፉ የፌዴራል ነው፣ የሚያስፈጽሙት ግን ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ይህ ማለት የድሬዳዋ ቤት ባለቤት ስንት እንደሚከፍል ሲወሰን የእኛው ምክር ቤት እጅ ይኖርበታል። መጋላ ውስጥ በውርስ ባገኙት አሮጌ ቤት በጡረታ ገንዘብ የሚኖሩ አባት አሉ፣ ቤታቸው በገበያ ዋጋ ብዙ ያወጣል፣ በእጃቸው ግን ብር የለም። እሳቸውን ምን እናደርጋለን? ይሄን የሚወስነው ሰው የሚመረጠው በዚያች «ምንም አታደርግም» በተባለች ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ሁሉንም ግብር አነሳላችኋለሁ የሚል ከመጣ አትመኑት። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። የወንዙ መከላከያ ግንብ፣ የድል ጮራ ሆስፒታል መድኃኒት፣ የመምህሩ ደመወዝ ከግብር ነው የሚመጣው። አገሪቱ ከ2016 ጀምሮ ከአይኤምኤፍ ጋር በገባችው ስምምነትም የግብር ገቢ መጨመር አንዱ ጉዳይ ነው፤ ማንም ያሸንፍ ማን ይህ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው ይከፈል አይከፈል አይደለም። ከማን፣ ስንት፣ በምን ስሌት ነው። በነፃ ንግድ ቀጠናችን ለሚገባ ባለሀብት የሚሰጠው የታክስ ማበረታቻ ለወጣቱ ስንት ሥራ አስገኘ? ካስገኘ ይቀጥል፤ ካላስገኘ ሸክሙን ደመወዝተኛው ላይ መጫን ልክ አይደለም።

ባለፈው ሰፈራችን አንድ ፓርቲ ነዋሪውን ሰብስቦ ነበር። እጄን አወጣሁና ስለ ደመወዝ ግብር እርከኑ ጠየቅኩ። ዕጩው «እሱን የበላይ አመራሩ ያየዋል» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። የበላይ አመራሩ ከሚያየው አንተን ለምን እንመርጥሃለን? ይሄን ሁለተኛ ጥያቄ ለማንሳት ዕድል አልተሰጠኝም። ስንወጣ አጠገቤ የነበሩ እናት «ልጄ፣ እኔም ስለ ጣሪያና ግድግዳው ግብር ልጠይቅ ነበር፣ ፈራሁ» አሉኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፓርቲ እዚያው አዳራሽ ይመጣል ተብሏል። ተቀጣጥረናል፣ መጀመሪያ እሳቸው ይጠይቃሉ።