ገደ ቢስ

እሁድ ሌሊት፣ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.

አርኬን የሚባለውን ተከታታይ ካርቱን ጨረስኩት። 18ቱንም ክፍል። ነገ ሥራ አለ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አልፏል፣ እንቅልፍ ግን የለም። ስለ ካርቱን ማስታወሻ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አባባ ቢያየኝ «ሠላሳ ሊሞላህ ምን ቀረህ?» ብሎ ነበር የሚጀምረው።

ጣጣውን ያመጣችው ሚሚ ናት፣ ታናሽ እህቴ። ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ይዛ መጣችና ላፕቶፔ ላይ ሰካችው። «አርኬን የተሠራበትን ጌም ባታውቀውም ችግር የለም» አለችኝ። «ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ ንገረኝ።» ለምን ሦስተኛው? ትከሻዋን ሰብቃ ወጣች።

ጌሙ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። አምስት ሰው ከአምስት ሰው ጋር በኢንተርኔት ይገጥማል፣ ከ160 በላይ ከሆኑት ገጸ ባሕርያት የየራሱን ይመርጣል፣ የባላጋራውን ሰፈር ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። አለቀ። እኔ ጌም ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ የእኛ ሰፈር ጌም ቤት ግን ከኳስ ሌላ አያውቅም። አስማትና ጎራዴ ያለበት ነገር ሲመጣ ዓይኔ ራሱ ይሰለቻል። ደግሞ ከጌም የሚሠራ ፊልም እንደ በረካ ነው። ስሙ ቡና ነው፣ ጣዕሙ ውሃ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍል የከፈትኩት ሚሚ እንዳትቀየመኝ ብቻ ነበር።

ሲጀምር ድልድይ አለ። ጭስ። ሬሳ። ሁለት ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው በሬሳው መሀል ይሄዳሉ። ትንሿ ዓይኗን ጨፍና ታንጎራጉራለች። ትልቋ ትመራታለች። የሚፈልጉት እናትና አባታቸውን ነው። ሲያገኟቸውም እንደዚያው ወድቀው ነው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በብረት ጓንቱ ሰው ሲፈነክት ቆይቶ እነዚህን ልጆች ያያል። ጓንቱን አውልቆ ይጥለዋል። ሁለቱንም አቅፎ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ማንም ምንም አይናገርም ማለት ይቻላል። ሻዬ ቀዘቀዘ።

ድልድዩ ሁለት ከተሞችን ያገናኛል። ወዲህ ማዶ ፒልቶቨር ነው፤ ወርቅ የተቀባ፣ ሳይንቲስትና ምክር ቤት የሞላበት። ወዲያ ማዶ ደግሞ ዛውን፤ ከሥር የተቀበረ፣ አየሩ የሚያንቅ። ልጆቹ የዛውን ናቸው። ትልቋ ቫይ ትባላለች፣ ትንሿ ፓውደር። ግዙፉ ሰውዬ ቫንደር ያሳድጋቸዋል።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ልበል፤ ሚሚ ሥዕል ስለምትሠራ በዚህ በኩል ጆሮዬን አደንቁራዋለች። የሠራው ፎርቲሽ የሚባል የፓሪስ ስቱዲዮ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ፊት በብሩሽ የተቀባ ይመስላል፤ ጠጋ ብለህ ካየኸው የቀለሙ ጭረት ጉንጫቸው ላይ አለ። እሳቱና ጭሱ በእጅ የተሳለ ነው። ሰው ላይ መሣሪያ አስረው እንቅስቃሴውን አልገለበጡም። የፓውደር ከንፈር ከተንቀጠቀጠ አንድ አኒሜተር ቁጭ ብሎ ያንቀጠቀጠው ነው። የመጀመሪያው ሲዝን ስድስት ዓመት ገደማ ወስዷል። ለሁለቱም ሲዝን ከነማስታወቂያው 250 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደወጣበት ተዘግቧል። ሚሚ ይህን ስትነግረኝ «ለካርቱን?» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኤሚ የሚባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዷል፣ አለችኝ። በኢንተርኔት ከሚተላለፉት ውስጥ የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ተብሎ የተሸለመ የመጀመሪያው ነው፣ አለችኝ። ዝም አልኩ።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ማክሰኞ ማታ ደረስኩ።

እስከዚያ ድረስ ፓውደር የምትሠራቸው ቦምቦች አይፈነዱም። አሻንጉሊት ይመስላሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ያጨሳሉ፣ አለቀ። አብሯቸው የሚያድገው ማይሎ የሚባል ልጅ ሲበሽቅ «ጂንክስ» ይላታል። አብራ በሄደች ቁጥር ነገር ይበላሻል ነው የሚለው። ቫይ ግን ሁልጊዜ ትከላከልላታለች። በሦስተኛው ክፍል ቫንደር ይታገታል፣ ትልልቆቹ ሊያስለቅቁት ይሄዳሉ፣ ፓውደርን ግን «አንቺ እዚህ ቆዪ» ብለው ትተዋት ነው። ልጅ አይደለች? ልርዳቸው ብላ ተከትላ ትሄዳለች። ጸናጽል የሚመታ የዝንጀሮ አሻንጉሊት አላት። ሆዱ ውስጥ ቀደም ብለው ከፒልቶቨር የሰረቋቸውን የሚፈነዱ ሰማያዊ ድንጋዮች ትከትና ትሞላዋለች። ይሄኛው ይፈነዳል። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራላት፤ ደስ ብሏት ትዘላለች። የፈነዳው ግን ራሳቸው ላይ ነው። ማይሎ ሞተ፣ ሌላው አብሮ አደጋቸው ክላገር ሞተ፣ በኋላም ቫንደር።

«ሠራልኝ እኮ» እያለች ወደ እህቷ ትሮጣለች። ቫይ በጥፊ ትላታለች። አፍንጫዋ ይደማል። ከዚያም ያንን ቃል፣ የማይሎን ቃል፣ ቫይ ትናገረዋለች።

ቪዲዮውን አቆምኩት።

ጂንክስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ምንድን ነው? ሰው ቢጠይቀኝ ለሰከንድ አላስብም። ገደ ቢስ ነው። ወይም እግረ ደረቅ። ይሄን ቃል እኔ ራሴ ለአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ሰጥቻታለሁ።

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት። ቤታችን ዝክር ስለነበር ሳሎኑ ዘመድ በዘመድ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፈበት ዓመት። ከዛምቢያ አንድ እኩል ወጥተን አብደን ነበር፣ ከዚያ ቡርኪና ፋሶ አራት አገባብን፣ ያን ማታ ደግሞ ናይጄሪያ። ዜሮ ለዜሮ እስከ 80ኛው ደቂቃ። አጎቴ ነጠላውን አፉ ውስጥ ከቶታል። ሚሚ ከጓዳ የዳቦ ሰፌድ ተሸክማ ገባች፤ ከሰፌዱ ጀርባ አናቷ ብቻ ነው የሚታየው። እግሯ ደፉን እንዳለፈ ፊሽካ ተነፋ። ፍጹም ቅጣት ምት። ቪክተር ሞሰስ አገባው።

«ይቺ ገደ ቢስ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ልሁን ብለሽ ገባሽ?»

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ያን ሰዓት ሳቅ የቸገረው ቤት ነበር። ሚሚ ሰፌዱን መሬት ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ወጣች። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ፍጹም ቅጣት ምት ገባብን፣ እሱም የሞሰስ። በዚያን ጊዜ እሷ ጓዳ ነበረች። ይሄን ግን ማንም አልቆጠረላትም።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ቀልድ ሆነ። መብራት ሲሄድ «ሚሚ ምን ነካሽ?» ጨዋታ ሲኖር «ሚሚን በር ላይ ያዟት!» የአጎቴ ልጆች፣ ጎረቤት፣ ሁሉም። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ሲውል ሲያድር የጀመርኩት እኔ መሆኔን ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ የአጎቴ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ያንን መልአክ መስታወት ውስጥ ያየሁት ማክሰኞ ማታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሚሚ ኳስ ትወዳለች፣ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ግን ቁጭ ብላ አይታ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ ነው የምታየው፣ ትከሻዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ አንድ እግሯ ውጭ። እስካሁን ሥራ ስለሚበዛባት ነበር የሚመስለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ!

ማይሎ ቃሉን ደጋግሞ ብሎት ነበር። ፓውደር ትናደዳለች፣ ታለቅሳለች፣ ይለፋል። የሰበራት ከቫይ አፍ ሲወጣ ነው። የደራሲዎቹን ብልጠት የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው እየጣሉልን መጡ፣ ለመድነው፣ ከዚያ አፉን ቀየሩት። ደግሞ ቫይ እህቷን ጥላት አልሄደችም። እጇ እንዳይደገም ፈርታ ነው ወደ ጥግ ዞር ያለችው፤ ልትመለስም ብላ ነበር፣ ወሰዷት። ፓውደር ይህን አላየችም። ሲልኮ፣ የቫንደር ጠላት፣ ሊገድላት ቢላ ይዞ መጥቶ ነበር። ወገቡ ላይ ተጠመጠመችበት። አቀፋት። አራተኛው ክፍል ላይ ዓመታት አልፈዋል፣ ልጅቷም ጂንክስ ነኝ ትላለች። የተሰደበችበትን ስም መጠሪያዋ አድርጋዋለች።

ከጌሙ አኳያ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጂንክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ጌሙ ውስጥ ስትገባ ሮኬት የምትተኩስ፣ የምትስቅ፣ የምታብድ ልጅ ነበረች፣ ሌላ የለም። ፎርቲሽ ያን ጊዜ የሙዚቃ ቪዲዮ ሠራላት፤ ከጌሙ ባለቤት ከራየት ጌምስ ጋር የተዋወቁትም በዚያው ነው። ያቺን ሳቂታ እብድ ይዘው «ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ ያደረጋት?» ብለው ወደ ኋላ ሄዱ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. 2013 ደግሞ የእኛዋ ጥር 2005 ያለችበት ዓመት ነው። ምንም ትርጉም የለውም፣ ግን ጻፍኩት።

ሁለተኛው ሲዝን ይሮጣል። ጦርነት አለ፣ የምክር ቤት ሽኩቻ አለ፣ ቪክቶር የሚባለው ሳይንቲስት ከሰውነት ወጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ሦስት ሲዝን የሚበቃ ነገር ዘጠኝ ክፍል ውስጥ ጠቅጥቀውታል። ሁለት ቦታ ላይ ማን ማንን እንደሚወጋ ጠፍቶብኝ ወደ ኋላ መልሻለሁ። ሰባተኛው ክፍል ግን፣ እሱን አትንኩብኝ።

ኤኮ የሚባለው የፓውደር የልጅነት ጓደኛ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገኛል። እዚያ ፓውደር ፓውደር ናት። ፀጉሯ አጭር፣ ዓይኗ የተረጋጋ። ማይሎም ክላገርም አድገዋል፣ ቫንደርና ሲልኮ ታርቀዋል፣ ከተማው ተስተካክሏል። የሌለችው ቫይ ናት። እዚያ ዓለም ላይ በልጅነቷ ሞታለች። ይሄን ያህል ጭካኔ አልጠበቅኩም። ትንሿ ሰላም የሆነችበት ዓለም ትልቋ የሌለችበት ነው! እዚያው እያለ ኤኮ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ ይሠራል። የሚመልሰው አራት ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ አይሆንም።

ላፕቶፑን ዘግቼ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። ቂል ነኝ፣ አውቃለሁ። «ይቺ ገደ ቢስ፣ ምን ልሁን ብለሽ ገባሽ?» ሦስት ሰከንድም አይሞላም።

ረቡዕ ማታ «ሦስተኛውን አየሁት» አልኳት። ልብስ ታጥፍ ነበር።

«እሺ?»

«ያን ቀን... የማርያም ዕለት...»

«የቱን?» አለች። ታውቃለች። የካልሲ ጥንድ እየፈለገች ነበር።

«አፌን በቆረጠው» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ነገር ሳምንቱን ሙሉ አሰላስዬ አላገኘሁም።

ካልሲውን አገኘችው። ጠቅልላ ወረወረችብኝ። «ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ደግሞ እናወራለን» አለች። እስከዛሬ ግን አላወራንም።

ዛሬ ከሰዓት አባባ የእንግሊዝ ጨዋታ ከፍቶ ነበር። ሚሚ እንደልማዷ በሩ ላይ ናት፣ አንድ እግሯ ውጭ። ሶፋው ላይ ፈቀቅ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት።

«ስንት ለስንት ነው?» አለች።

«ዜሮ ለዜሮ።»

«ይቅርብኝ። በኋላ እንዳታማርሩ።» እየሳቀች ነው።

«ነይ ተቀመጪ።»

አባባ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰ። ገባች። መጀመሪያ የሶፋው እጅ ላይ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ተንሸራታ እግሯን አጠፈች። ስድስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ በጭንቅላት ገባብን። የእኛ ቡድን ተከላካዮች እንደተለመደው ቆመው ያያሉ።

ቤቱ ጭጭ አለ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገ፣ የሆነ ነገር ሊል መስሎኝ ልቤ ወደ አፌ መጣ። ምንም አላለም። ሚሚ በዓይኗ ጥግ አየችኝ። አልተነሳችም።

«ቆሎውን አቀብለኝ» አለች።