የ14 ቀኑ ልጅ

ዛሬ ተረኛ ነበርኩ። የ14 ቀን ወንድ ልጅ ይዘው መጡ። ያስመልሰዋል፣ ጡት መሳብ አቅቶታል፣ ክብደቱ ከተወለደበት ቀን ያነሰ ነው። ሌላ ቦታ "ኢንፌክሽን ነው" ተብሎ አንቲባዮቲክ ተጀምሮለታል። በደሙ ውስጥ ሶዲየሙ (ጨው) በጣም ወርዶ 118፣ ፖታሲየሙ በጣም ጨምሮ 7.6 መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ። ለሆርሞን ምርመራ ደም ወስደን፣ ውጤቱን ሳንጠብቅ ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ)፣ ግሉኮስና 25 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን (ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት) በደም ሥሩ ሰጠነው።

የጠረጠርኩት አብሮ የሚወለድ የአድሬናል እጢ ሕመም (CAH) ነው። ከኩላሊት በላይ ያለው አድሬናል እጢ 21-ሃይድሮክሲሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ሲጎድለው ሁለት ሆርሞኖች ያንሳሉ፦ ሰውነት ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳው ኮርቲሶልና ጨው እንዲይዝ የሚያደርገው አልዶስትሮን፤ የወንድ ሆርሞን ደግሞ ይበዛል። ሴት ልጅ ስትወለድ ብልቷ ላይ ለውጥ ስለሚታይ ቶሎ ትጠረጠራለች። ወንዱ ግን ደህና መስሎ ቤቱ ይገባና በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ይወድቃል። ስንቱ ሳይታወቅለት እንደሄደ ሳስብ አንጀቴ ያራል።

እናቱ "ዶክተር፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚያበቃው?" አለችኝ። ዕድሜ ልክ መሆኑን ስነግራት ዝም ብላ ልጇን አቀፈችው። ትኩሳት ሲይዘው ሃይድሮኮርቲሶኑን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ እንድታደርግ፣ ካስመለሰው ደግሞ ለመርፌ ወዲያው እንድታመጣው በወረቀት ጻፍኩላት። አባቱ አልዶስትሮንን የሚተካውን ፍሉድሮኮርቲሶን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር ዋለ።

ከሥራ ልወጣ ስል ልጁ ዓይኑን ገልጦ ጡት ይስባል።