ዝውውር ጠይቄ ስንብት ፈረምኩ

ይህን የምጽፈው ሰው መሃል እየሠሩ ከሚኖሩበት የካቶሊክ ሲስተሮች ማኅበር ወጥታ ወደ ዝግ ገዳም፣ መነኮሳቱ ከግቢ ወደማይወጡበት፣ ልግባ ብላ ለምታስብ ሲስተር ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ቢኖርም የምሰማው አይመስለኝም፤ ልቤ ቀድሞኝ ሄዶ ነበር።

11 ዓመት የኖርኩት ሰው «ዘመናዊ» በሚለው ማኅበር ነው። ሦስት ሆነን አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። ቆብ የለም፣ ደረት ላይ ትንሽ መስቀል ብቻ። ጠዋት አብረን እንጸልይና አንዷ ወደ ትምህርት ቤት፣ አንዷ ወደ ስደተኞች መጠለያ፣ እኔ ወደ ሆስፒታል እንበታተናለን። ማታ የምንገናኘው ደክመን ነው። መዝሙረ ዳዊቱን ስንቀባበል የአንዷ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላዋ ታንቀላፋለች።

ለሱባኤ አንድ ዝግ ገዳም ሄጄ ተማረክሁ። እዚያ ደወል ሲሰማ የምትጽፍ እኅት የጀመረችውን ፊደል እንኳ ሳትጨርስ ብዕሯን ታስቀምጣለች። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ «ለ» አንድ እግሯን ብቻ ይዛ ቀርታለች። ያቺ ጎዶሎ «ለ» ናት የወሰደችኝ።

መንፈሳዊ አባቴን አማከርኩ፣ የሐኪም ምርመራ አደረግሁ፣ ሁለት ጊዜ እየሄድኩ ከመነኮሳቱ ጋር ከረምኩ። ይህ ሁሉ ያለ ችግር አለፈ። እመምኔቷ «የዝውውር ፈቃድ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ። የማኅበራችን አለቃ አዝነው፣ ግን በፍቅር፣ ወደ ጸሐፊዋ ላኩኝ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «ዝውውር አድካሚ ነው። የሁለቱም አለቆች ፈቃድ፣ የሁለቱም ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። የስንብት ፈቃድ ጠይቂ፤ ያው ነው፣ እሱ ይፈጥናል» አለችኝ።

ያው ነው! እስከ ዛሬ ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ያው አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ሕግ፣ በሕገ ቀኖና፣ ቁጥር 684 እና 685 መሠረት የዘላለም መሐላ የፈጸመች እኅት ስትዛወር መሐላዋ አይፈርስም። በአዲሱ ቤት ቢያንስ 3 ዓመት ትፈተናለች። ካልተቀበሏት፣ ወይም ራሷ ካልፈለገች፣ ወደ ቀድሞ ማኅበሯ ትመለሳለች፤ ቤት አላት ማለት ነው። የስንብት ፈቃድ ግን ሌላ ነው። ቁጥር 692 እንደሚለው ፈቃዱ ሲነገርሽ «አልቀበልም» ካላልሽ፣ መሐላሽም ግዴታሽም በዚያው ይቀራል። ይህን መከልከል የምትችዪው በዚያች ደቂቃ ነው። ያቺን ደቂቃ አንቺ ካላወቅሻት ማንም አያሳይሽም።

ማኅበራችን በጳጳስ ሥልጣን ሥር ስለሆነ ወረቀቱ ሩቅ አልሄደም። ጳጳሱ የተጠየቁትን ፈቀዱ፤ በእሳቸው አልፈርድም። አንድ ከሰዓት በኋላ ተጠርቼ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቅጂ፣ ክዳን የሌለው ሰማያዊ እስክሪብቶ። ጸሐፊዋ በጣቷ እያሳየች «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ፣ እዚህም» አለች። ፈረምኩ። ሳላነብ። አንባቢ ሆኜ፣ ነርስ ሆኜ፣ የበሽተኛ ፈቃድ ሳስፈርም «አንብቡት» እያልኩ የምወተውት እኔ ራሴ አላነበብኩም። ጭራሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ መነኩሲት አልነበርኩም፤ ግን አላወቅሁም።

የነገሩኝ እመምኔቷ ናቸው። ወረቀቱን አንዴ አነበቡት፣ ደገሙት፣ አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ ዝውውር አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው፣ እናቴ?»

«ተሰናብተሻል። ከመጀመሪያ ነው የምትጀምሪ።»

ከመጀመሪያ ማለት ቀላል አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዝግ ገዳማት የወጣው «ኮር ኦራንስ» የተባለው መመሪያ የሚጠይቀው 12 ወር በአስፒራንትነት (ጥሪሽን እየመረመርሽ)፣ 12 ወር በፖስቱላንትነት (ለመግባት እየተዘጋጀሽ)፣ 2 ዓመት በኖቪስነት (ከመሐላ በፊት በሥልጠና)፣ ከዚያ ቢያንስ 5 ዓመት በጊዜያዊ መሐላ ነው። ባንድ ላይ 9 ዓመት። በ36 ዓመቴ ከ19 ዓመት ልጅ ጎን ወለል ስወለውል፣ ልጅቷ አዝናልኝ ባልዲውን ትቀማኝ ነበር።

ስለ ገዳሙ እውነቱን ልናገር። አርምሞው እውነተኛ ነው፤ መጸለይን የተማርኩት እዚያ ነው፣ በዚያ እኮራለሁ። የስፌት መርፌ ለመውሰድ ፈቃድ መጠየቅም ከጠበቅሁት በታች ነው የከበደኝ። የከበደኝ የአሠልጣኟ ነገር ነበር። በየሳምንቱ ውስጤን ዘርግፌ እንድነግራት ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ በደረሰብኝ ምክንያት ሕግ ማንበብ ለምጄ ነበርና ቁጥር 630ን ጠቀስኩላት፤ አለቃ የሆነች «ኅሊናሽን ክፈቺልኝ» ብላ በምንም መንገድ እንዳትገፋፋ ይከለክላል። ትክክል ነበርኩ፤ አነጋገሬ ግን ትክክል አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ስሜ «ባለሕጓ» ሆነ። ከ2 ዓመት በኋላ ለኖቪስነት ስጠይቅ አልተቀበሉኝም።

በዝውውር ሄጄ ቢሆን መመለሻ ነበረኝ። አሁን ግን አንዲት ሻንጣ ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ቁጥር 702 የወጣች እኅት ለሠራችው ምንም መጠየቅ አትችልም ይላል፤ ማኅበሩ ግን ፍትሕና ፍቅር ያሳያት ይላል። እኔ እህት ወንድሞቼ ጋ አደርኩ፣ ሆስፒታል ተመለስኩ።

ብዙዎች «መጀመሪያ አለቃሽን አነጋግሪ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ከማኅበርሽም ከገዳሙም ውጪ የሆነ የቀኖና ሕግ አዋቂ ፈልጊ፣ ከዚያ አለቃሽ ጋ ሂጂ። ጥያቄሽን ራስሽ ጻፊ፣ «ዝውውር» የሚለውን ቃል ከነቁጥሩ አስገቢ፣ ቅጂው እጅሽ ይቅር። «ባህላዊ ወይስ ዘመናዊ» የሚለውን ክርክር ደግሞ ለጊዜው ተዪው። ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1965 የወጣውን፣ የካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ገዳማዊ ሕይወት የደነገገውን ድንጋጌ ነው፤ አንዱ «ወደ ምንጫችሁ ተመለሱ» የሚለውን፣ ሌላው «ከዘመኑ ጋር ተጣጣሙ» የሚለውን ይነቅሳል። ድንጋጌው ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ ነው የጠየቀው። እኔ እንደኖርኩት ከሆነ ልዩነቱ ቆቡ ላይ አይደለም፤ ቀንሽን ማን ያዝዝበታል የሚለው ላይ ነው።

በቁጥር 690 መሠረት የቀድሞ ማኅበሬ፣ በምክር ቤቱ ስምምነት፣ ኖቪስነትን ሳልደግም መልሶ ሊቀበለኝ እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ጠየቅሁ፤ ተቀበሉኝ። አሁን በሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ፣ እዚያው አፓርታማ፣ ስልኩም እንደ ድሮው እየተንቀጠቀጠ።

ባለፈው ወር የመመለሻውን ወረቀት ልፈርም ተጠራሁ። ያችው ጸሐፊ ናት። «እዚህ ጋ» አለችኝ በጣቷ። ወረቀቱን አንስቼ «አንብቤ እመልሰዋለሁ» አልኳት። ሁለት ገጽ ነበር፤ አራት ቀን አቆየሁት።