ሲቀዳ የሮጠ ካሴት

አባቴ ሾፌር ነበር፣ ከጅማ አዲስ አበባ ቡና የሚጭን። ያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ ምንም አይመስልም፣ ያኔ ግን ጊቤን ወርዶ መውጣት ራሱ ላብ ነው። ኤንትሬው ውስጥ፣ የጭነት መኪናው ማለቴ ነው፣ አንድ ካሴት ሁሌ አይጠፋም፣ የዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ። "የኛ ልጅ እኮ ነው፣ ጅማ ነው የተወለደው" ይላል ሰው በተሳፈረ ቁጥር። እውነቱን ነው፣ አለማየሁ በ1933 ጅማ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው፣ አባቴ ግን ማደጉን ለአዲስ አበባ ትቶ መወለዱን ብቻ ይዞ ነው የሚከራከረው። እኔን ትምህርት ቤት ሲሸኘኝ ደሞ የአለማየሁን ዘፈን "ተማር ልጄ"ን "ተማሪ ልጄ" እያለ ለኔ ቀይሮ ያንጎራጉርልኛል።

ይሄን የምጽፈው ሃያ ዓመት ሙሉ በዚሁ ዘፋኝ ላይ የተሳሳተ ፍርድ ይዤ ስለኖርኩ ነው። ባለፈው ጥር ጅማ ሄጄ ነው የተስተካከለልኝ፣ እና እንደኔ ውጭ ሆናችሁ የድሮ ሙዚቃ የምትሰበስቡ ብዙ እንዳላችሁ ስለማውቅ ብታነቡት ብዬ ነው።

ከሀገር የወጣሁት በ1996 ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት፣ ናይት ሺፍት፣ ያው የሁላችንም ታሪክ ስለሆነ አላረዝመውም። አዛውንቶች መጦሪያ ነው የምሰራው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲተኛ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አንዱ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን አደርጋለሁ፣ ሌላኛው ለደወሉ ነው። የመጀመሪያውን ሲዲ ያገኘሁት አንድ የሀበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነው፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 9፣ ሙሉውን አለማየሁ። ከጤፉ ጎን ቆሜ ሽፋኑን እያየሁ የአባቴ መኪና ሽታ መጣብኝ፣ ናፍጣና ቡና። በርበሬውን ትቼ ሲዲውን ገዝቼ ወጣሁ።

አባቴ በ1999 አረፈ። ወረቀቴ ገና ስላልወጣ ሀገር ከገባሁ መመለስ የሚባል ነገር የለም። ለቅሶውን የደረስኩት በስልክ ነው፣ እህቴ ስልኩን ድንኳን ውስጥ ከፍ አድርጋ ይዛልኝ።

መሰብሰቡ የጠናብኝ ከዛ በኋላ ነው። ለማታውቁት፣ ኢትዮፒክስ የሚባለውን ተከታታይ ያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 30 ቁጥር አድርሶታል። የአለማየሁ ደሞ 9ኛው አለ፣ በኋላ 22ኛው መጣ። የሁለቱም ትኩረት የሸክላው ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምሃ ሬከርድስ የሚባለውን ሸክላ አሳታሚ ቤት ሲከፍት በር ከፋቹ አለማየሁ ነበር፣ ከዛ በስድስት ዓመት ውስጥ ቤቱ ከ100 በላይ ትንንሾቹን ሸክላ አሳተመ፣ በአንድ በኩል አንድ ዘፈን በሌላው በኩል አንድ ዘፈን። የግርማ በየነ ቅንብር፣ የነፋስ መሣሪያው፣ አለማየሁ ልክ እንደ ኤልቪስና እንደ ጄምስ ብራውን ሲጮህ፣ በቃ ልብ ይወስዳል። አንዷን ኦርጅናል ሸክላ ጨረታ ላይ አግኝቻት ዋጋዋ ከቤት ኪራዬ እኩል ሲደርስ ነው የተውኳት። እንደገና የታተሙትን ግን አንድ በአንድ ገዛሁ፣ መደርደሪያዬ ላይ ከመድኃኒዓለም ሥዕል ስር ናቸው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ያ ሁሉ ስብስብ በፈረንጆቹ 1975 ላይ ሲደርስ ያልቃል። ደርግ መጣ፣ አምሃ ከሀገር ወጣ፣ ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘጋው፣ ሸክላ እየቀረ ካሴት ተተካ፣ የነፋስ መሣሪያውን ቦታ ኦርጋን ያዘው። እና ፈረንጆቹም እኛም "ወርቃማው ዘመን" ብለን እዛው ላይ መስመር እናሰምራለን፣ ከዛ በኋላ ያለው የካሴት ነገር ነው ተብሎ ይታለፋል። እኔ ደሞ ከሁሉም በላይ እርግጠኛ ነበርኩ ምክንያቱም የአባቴን ካሴት አውቀዋለኋ። ያ ካሴት የሰማንያዎቹ ነው እንደ ፈረንጅ፣ ኦርጋን ያለበት፣ አለማየሁም እዛ ላይ ድምፁ ወፍራም፣ የሚጎተት፣ የደከመ ሰው ድምፅ ነው። ልጅ ሆኜ የመኪናው ጉዞ ያደከመው ይመስለኝ ነበር። ካደግኩ በኋላ ደሞ "ዘመኑ ነው ድምፁን የገደለው" እያልኩ ለስንቱ ሰው ተናገርኩ መሰላችሁ፣ ሰርግ ቤት ሁላ ተከራክሬበታለሁ።

2008 ነሐሴ ላይ (በኛ 2000 መሆኑ ነው) ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ሜዳ ላይ በነፃ ሊዘፍን መጣ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ጌታቸው መኩሪያም አሉበት፣ ከኋላው ያለው ባንድ ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል የቦስተን ፈረንጆች ባንድ ነው። ሺፍት ለውጬ አራት ሰዓት በመኪና ሄድን። ሰውየው 67 ዓመቱ ነው። መድረኩ ላይ ሲወጣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት፣ ከዛ ድምፁን ሲለቀው ያ የሸክላው ድምፅ ራሱ ነው፣ ስለታም፣ ከላይ የሚመጣ። ከጎኔ የነበረች ሴትዮ እያለቀሰች እስክስታ ትመታለች። ስመለስ ሌሊቱን ሙሉ መኪና ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበረብኝ፣ በ45 ዓመቱ ደክሞ የነበረ ድምፅ በ67 ዓመቱ እንዴት ይነሳል? ባንዱ ነው፣ ማይኩ ነው ብዬ ተውኩት። ያኔ ይዤው ቢሆን ኖሮ 15 ዓመት አልፈጅም ነበር።

ነሐሴ 27 ቀን 2013 አረፈ፣ በ80 ዓመቱ። የዛን ቀን ሥራ ቦታ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ሸክላዎቹን ነው የሚያጋራው፣ "አዲስ አበባ ቤቴ"ን፣ "ተማር ልጄ"ን፣ የኋለኞቹን የሚያነሳ አንድ ሰው አላየሁም። እኔም አላነሳሁም። ያ ነገር ቆረቆረኝ፣ ሰውየው በፈረንጆቹ 1975 ላይ አልሞተም እኮ፣ ከዛ በኋላም 46 ዓመት ኖሯል፣ ዘፍኗል። ያንን ዘመን ፍለጋ ጀመርኩ።

ጥር ላይ ጅማ ገባሁ። ስለ ከተማዋ ብዙ አልልም፣ አዌቱ ያው አዌቱ ነው፣ ባጃጁ በዝቷል፣ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ እናቴን ይዤ ሄጄ ማርና በርጩማ ገዛን። ቤት ስንመለስ "እማ፣ የአባባ ካሴቶችስ?" አልኳት። ከአልጋው ስር የቡና ናሙና የሚያዝባትን ትንሽ ጆንያ ጎትታ አወጣች። ሰባት ካሴት አለ፣ ሦስቱ አለማየሁ። ሽፋን የላቸውም፣ አንዱ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ በእስክሪብቶ "አለማየሁ ቁ. 2" ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። በመስኮቷ ሳየው ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ፣ የጅማ ዝናብ መቼም የማይገባበት የለም። ስታሸተው ግን አሁንም ቡና ነው።

ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ የደበዘዘ ማህተም አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም ጠፍቶ "ፈረንጅ አራዳ" የሚለው ብቻ ይነበባል። ከእህቴ ጋር እየጠየቅን ሄድን። ሙዚቃ ቤቱ አሁን ሞባይል ጥገና ሆኗል፣ ልጁ ነው የሚሰራው፣ ሽማግሌው ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፣ ይሄ ከእርስዎ ቤት የተቀዳ ነው?"

መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የሾፌሩ፣ የኤንትሬው።"

"ውይ፣ ነፍሱን ይማረው። እሱ እኮ ካሴት አይገዛም፣ እየመጣ ያስቀዳል።" ከዛ ማህተሙን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ "ይሄ ከሁለተኛው ዴክ ነው" አሉ።

"ምን ማለት ነው ጋሼ?"

"ሁለት የካሴት መቅጃ ዴክ ነበረኝ ልጄ፣ አንዱ ይሮጥ ነበር። መለዋወጫ የለ፣ ገበያው ደሞ ብዙ ነው፣ ምን ላድርግ፣ በሱም እቀዳ ነበር። ሲቀዳ የሮጠ ሲጫወት ይጎተታል።"

እኔ እዛው ደርቄ ቀረሁ። እህቴ "ምነው?" ትለኛለች፣ መልስ የለኝም።

ሽማግሌው ለልጃቸው ምልክት ሰጡት፣ ከውስጥ የብረት ሳጥን መጣ። ያኔ ለመቅጃ ይጠቀሙበት የነበረው ኦርጅናሉ አለ፣ ቁጥር ሁለቱ ራሱ። እሱም ሻግቷል። አምስቱን ብሎን በሞባይል መፍቻ ፈቱት፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ግን አንድም ብሎን አልወደቀባቸውም። ክሩን በትንሹ እያዞሩ በደረቅ ጥጥ ጠረጉት፣ ከመሀል ያለችው ስፖንጅ ረግፋ ስለነበር ከሌላ ካሴት ነቅለው በማስቲሽ ለጠፉ፣ የኔን ማጫወቻ ደሞ ክሩን የሚያነበውን ሄድ በአልኮል አፀዱት። ይዤው የሄድኩት ዴክ ከአሜሪካ ሰርቪስ የተደረገ ነው፣ ፍጥነቱ ልክ ነው። ላፕቶፑን ሰካሁና ተጫነ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ዘፈኑ ያው ነው፣ ቃል በቃል የማውቀው፣ ግን ሌላ ሰው ነው የሚዘፍነው። ቀለል ያለ፣ ንቁ፣ ኒውዮርክ ያየሁት ሰውዬ። ስልኬ ላይ ጊታር መቃኛ አፕ አለኝ፣ ኦርጋኑን ለካሁት፣ ኦርጋን እንደ ክራር ሰው የሚቃኘው ነገር አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ኦርጅናሉ ላይ ልክ ቁጭ ይላል። የአባቴን ሳስገባ ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ዘመኑ ነው፣ እርጅና ነው፣ ደርግ ነው ያልኩት ነገር የአንድ ዴክ ሞተር ነበር።

በዛ ላይ ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። የሸክላዎቹን ዘፈኖች የምንሰማው ባለሙያ ተቀምጦ አፅድቶ ያሳተማቸውን ነው። የካሴቶቹን የምንሰማው ግን ከቅጂ ቅጂ የተቀዳውን፣ ቀጭኑ ድምፅ በየቅጂው እያለቀ ሽሽታው ብቻ የቀረውን ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ያሉትም አብዛኞቹ እንደዛው ናቸው። ከዛ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን "በኋላ ወረደ" እንላለን። ይሄ ለአለማየሁ ብቻ አይደለም፣ ለዛ ትውልድ ሁሉ ፍርደ ገምድልነት ነው፣ እኔም ፈራጅ ነበርኩ።

ሁሉም ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም ደሞ። ሁለቱ ዘፈን ላይ ያለው የማሽን ከበሮ አሁንም አይዋጥልኝም፣ ደረቅ ነው፣ ሰው የመታው አይመስልም፣ ያንን የትኛውም ማፅዳት አያድነውም። ግን ጎን ለ ላይ ሦስተኛው፣ የትዝታ ቅኝት ያለው ቀስ ያለ ዘፈን፣ እሱን ስሙት ብዬ ብለምናችሁ ደስ ይለኛል። በ30 ዓመቱ ቢሆን እዛች ቦታ ላይ ይጮሃል፣ ሰው እንዲያየው። እዚህ አይጮህም። የስንኙን መጨረሻ ትንፋሹ ላይ ጥሎት ያልፋል፣ ሳክሱ ይቀበለዋል፣ እሱ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሸክላዎቹ ላይ የለም። እኔ አሁን ከ9ኛውም ከ22ኛውም ዲስክ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ያችን አንዲት ጎን ለ ነው የምይዘው፣ ይሄን ስል ደሞ ሸክላዎቹን ምን ያህል እንደምወድ እያወቅኩ ነው።

ሽማግሌው ኦርጅናሉን አልሸጡልኝም፣ "ውሰጂ" አሉኝ፣ እኔ ግን አልወሰድኩትም። አምስቱንም የአለማየሁ ካሴታቸውን እዛው በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ፈጅቶ ገለበጥኩ፣ መብራት ሲሄድ ቡና እየጠጣን እየጠበቅን። ቅጂውን ለልጃቸውም ሰጥቼዋለሁ።

ማታ ቤት ገብቼ ለእናቴ የተስተካከለውን አጫወትኩላት። "እማ ስሚ፣ እንዲህ ነበር ለካ" አልኳት ደስ ብሎኝ። ሰማች። ሁለት ዘፈን ያህል አዳመጠችና "ጥሩ ነው፣ ግን አባትሽ አይገባበትም" አለችኝ።

አልገባኝም መጀመሪያ። ከዛ የአባቴን ካሴት፣ የሚጎተተውን ከፈትኩት። እናቴ ኩታዋን ሰብሰብ አድርጋ ከስር ማንጎራጎር ጀመረች፣ አባቴ መሪውን ይዞ በሚያንጎራጉርበት በዛ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ እሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ዘግየት ብላ እየገባች፣ ልክ ቦታው ላይ።

ሁለቱም ፋይል ስልኬ ላይ አሉ። የተስተካከለውን ለጓደኞቼ እልካለሁ፣ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ግን የምከፍተው ያንን ነው።