«አሸንፏል» በሚለው ቃል ላይ የታየው ሳጥን

በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በሚሠራ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ስቀጠር የተሰጠኝ ሥራ፣ በግላቸው ጌም የሚሠሩ ወጣቶችንና ጌም የሚወዱ ተጫዋቾችን በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ማሰባሰብ ነበር። ሥራው አስፈላጊ መሆኑን ያኔም ዛሬም አምናለሁ። በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ላይ ውለው ሌሊት ላፕቶፕ ላይ የሚያመሹ፣ ኮዱንም ሥዕሉንም ድምፁንም ብቻቸውን የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚቸግራቸው የሠሩትን ወስዶ የሚጫወትላቸው ሰው ማግኘት ነው። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ አንድ ጌም ለማውጣት 100 ዶላር ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ኢች ዶት አይኦ የሚባለው ሌላ የጌም ድረ ገጽ በነጻ ቢቀበልም እዚያ የሚገባው ተጫዋች አብዛኛው አማርኛ አያነብም።

ኃላፊዬ ሰኞ ሰኞ የሚጠይቁኝ አንድ ቁጥር ነበር፤ ግሩፑ ስንት አባላት አሉት? እኔም ቁጥሩን ለማሳደግ አጭሩን መንገድ ያዝሁ። 20 ሰው ላስገባ የ25 ብር የሞባይል ካርድ እንሸልማለን ብዬ ለጠፍሁ። በሁለት ወር ውስጥ 4,300 አባላት ደረስን። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ስልክ እየነካኩ ሳንቲም የሚሰበሰብባቸውን ጌሞች ሊንክ ሲለጥፉ ይውሉ ነበር፤ እኔም ሳጠፋ አመሻለሁ። የሆነ ሆኖ ሰኞ ሲመጣ የምናገረው ቁጥር ስለነበረኝ አልተጨነቅሁም።

በዚህ መካከል አንድ የኮዬ ፈጬ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለስምንት ወር የደከመበትን የገበጣ ጌም ለጠፈ። ሁለት ሰዎች አንዱን ስልክ እየተቀባበሉ ይጫወቱታል፤ ጣት ሲነካው ጠጠሩ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እየታደለ ይሄዳል፤ ድምፁንም የአያቱን ገበጣ ይዞ በስልኩ የቀዳው ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ከ200 በላይ የእሳትና የጭብጨባ ምልክት ተደረደረበት። «በርታ ወንድሜ»፣ «አንደኛ ነው»፣ «እንዲህ ነው እንጂ» የሚሉ አስተያየቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ መምጣታቸውን አላቋረጡም። እኔም ለኃላፊዬ የግሩፑ የመጀመሪያ ስኬት ብዬ ሪፖርት አደረግሁ።

አንድ ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች እንዳይሰለቹ ብዬ ስልኬን ከፍቼ ገበጣውን ሰጠኋቸው። ደፉ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው በስክሪኑ ብርሃን እየታየ፣ ጠጠር እየቆጠሩና እየተከራከሩ እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ታናሽየው አሸንፎ በደስታ ከዘለለ በኋላ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ «ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ምንድን ነው?» አለኝ። አሸናፊውን የሚያበስረው ጽሑፍ «አሸን» ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ባዶ ሳጥን አለ፣ ከሳጥኑ ቀጥሎ «ል» ይላል።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም። ልጁ ጌሙን የሠራው ዩኒቲ በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ሲሆን ጽሑፉን የሚያወጣለት ቴክስት ሜሽ ፕሮ የሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ልጁ በተጠቀመበት አሠራር ከፎንቱ፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ ከያዘው ፋይል፣ ውስጥ ሠሪው የመረጣቸውን ፊደላት ብቻ በአንድ ሥዕል ላይ አሰባስቦ ይይዛል፤ በሥዕሉ ላይ የሌለ ፊደል ሲመጣ ሳጥን ያሳያል። እርሱ ደግሞ የሰጠው በሕፃንነታችን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያየነውን ገበታ ነው፤ 33 ፊደላት በ7፣ በድምሩ 231። «ፏ» እዚያ ውስጥ የለችም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ወደሚጋሩት የፊደላት መዝገብ፣ ሲገባ «ፏ» ከ«ፎ» ቀጥላ የራሷን ቦታ አግኝታለች፤ ገበታውን ብቻ የሚከተል ሰው ግን ይዘላታል። አማርኛ እንደ «ፏ» ያሉ ዲቃላ ፊደላት ሳይኖሩ አይጻፍም፤ መጥቷል፣ ጨርሷል፣ አሸንፏል እያልን ነው የምንውለው። ልጁ «ጨዋታው አበቃ» የሚለውን ጽሑፍ ወደ «አሸንፏል» የቀየረው ጌሙን በለጠፈበት ዋዜማ ሌሊት ስለነበር እስከ መጨረሻው ተጫውቶ አላየውም።

እኔን የመታኝ ፊደሏ አልነበረችም። ሳጥኑ የሚታየው ጨዋታው ሲያልቅ፣ ሁልጊዜም ሲያልቅ ነው። 4,300 ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ በሦስት ሳምንት አንድም ሰው አልጠቀሰውም ማለት አንድም ሰው አንድ ዙር አልጨረሰም ማለት ነው። ያን ሌሊት ካመሰገኑት ውስጥ ለ20 ሰዎች በግል ጻፍሁላቸው። ዘጠኙ መለሱልኝ፤ ሰባቱ ፋይሉን እንኳ አላወረዱም፣ ሁለቱ 140 ሜጋባይት ሲያዩ ትተውታል። አልፈርድባቸውም፤ በካርድ የጠራኋቸው እኔ ነኝ፣ ለካርዱም መጡ።

ለልጁ በስልክ ነገርሁት። ፊደላቱን ሁሉ ጨምሮ ስህተቱን ለማስተካከል አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። ከዚያ ግን ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ሳይጫወቱት ነው እንዴ በርታ ሲሉኝ የከረሙት?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ለስምንት ወር ሥራው ከእኔ ግሩፕ ያገኘው ይህን ብቻ ነበርና አሁንም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ሰኞ ዕለት ኃላፊዬ ፊት ቀርቤ ሽልማቱ እንዲቆም ጠየቅሁ፤ ቁጥሩ እንደሚወርድም አስቀድሜ ነገርኋቸው። ደስ አላላቸውም፤ ነገር ግን የሳጥኑን ፎቶ ሲያዩ ሦስት ወር ሰጡኝ። አዲስ ግሩፕ ከፍተን በ14 ሰው ጀመርን፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በእናታቸው ስልክ ገብተዋል። ሕጉን የወሰድሁት ከሉደም ዴር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሲካሄድ በቆየው በዚያ የጌም ሥራ ውድድር የሌሎችን ሥራ ተጫውቶ አስተያየት የሚሰጥ ሰው የራሱ ሥራ ወደ ላይ ወጥቶ ይታይለታል። እኛም ጌም የሚለጥፍ ሁሉ አስቀድሞ የሁለት ሰዎችን ጌም እስከ መጨረሻው ተጫውቶ እንዲጽፍ አደረግን። የሚጻፈውም የስልኩ ዓይነት፣ ሳይበላሽ በፊት ምን እንደነካ፣ የት ላይ እንዳቆመና ለምን እንዳቆመ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ «ሰለቸኝ» ብሎ ለመጻፍ ሰው ድፍረት ይፈልጋል፣ ጌም ሠሪው ግን ከምንም በላይ የሚፈልገው እርሱን ነው። ገበጣውም በዚሁ መንገድ የበዛውን ድምፅና ሥዕል አራግፎ ወደ 38 ሜጋባይት ወረደ።

ዛሬ 61 ነን። ባለፈው ሳምንት የአንዷ አባላችን እናት፣ በወሎ ያደጉ፣ ገበጣውን ሦስት ዙር ከተጫወቱ በኋላ ጠጠሩ የሚበላበት ደንብ እርሳቸው የሚያውቁት እንዳልሆነ በልጃቸው በኩል በድምፅ መልእክት አስረዱ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በጥናታቸው በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን የመዘገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጨዋወቱ እንደየአገሩ ይለያያል። ልጁ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አዳምጦ «እማማ፣ አራት ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ነው የሚበሉት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም መልሰው ሌላ የአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ላኩለት። ጨዋታው ሲከፈት ተጫዋቹ ደንቡን የሚመርጥበትን ገጽ አሁን እየሠራ ነው።