ፊቴን ያፈካው ቅባት

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው፣ ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ። ቡጉር ነበረብኝ። ግንባርና አገጭ ላይ የሚወጣ፣ ፈተና ሲደርስ የሚብስበት ተራ ቡጉር። የዶርም ልጆች ፒያሳ አካባቢ አንዲት ኮስሞቲክስ ቤት ያላት ሴት ራሷ የምትቀይጠውን ቅባት ጠቆሙኝ። ስም የለው፣ ጽሑፍ የለው፣ ነጭ ብልቃጥ ብቻ። "በሳምንት ታይዋለሽ" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አየሁት። ቡጉሩ ጠፋ፣ ፊቴ ፈካ፣ ያየኝ ሁሉ "ምን ተቀብተሽ ነው?" ይል ጀመር። ለሁለት ልጆች እኔው ገዝቼ ሰጥቻለሁ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ስድስት ወር ገደማ ተቀባሁት። ከዚያ ለፋሲካ ቤተሰብ ጋ ስሄድ ብልቃጡን ዶርም ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ፊቴ ቀላ፣ አበጠ፣ ውሃ ሲነካው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስል ያንገበግበኛል። ግቢ እንደተመለስኩ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያንኑ ቅባት ተቀባሁ። ወዲያው በረደ። መንቃት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት "የቆዳና የውበት" የሚል ታፔላ የሰቀለ ክሊኒክ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጅ በስልኳ መብራት አየችኝና፣ ምን እንደምቀባ እንኳ ሳትጠይቀኝ፣ ስድስት ዙር ፒሊንግ ብላ ዋጋ ነገረችኝ። ፒሊንግ የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጥ ነው። ለጠባሳ ወይም ለማድያት፣ የሚያውቅ ሰው ከሠራው፣ ሊጠቅም ይችላል። ለሳሳና ለተቆጣ ፊት ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ይሄን ያኔ አላውቅም ነበር። ያዳነኝ ብር ማጣቴ ነው።

ከግቢ ክሊኒክ ሪፈር አስጽፌ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ተሰልፌ ነው የገባሁት። የቆዳ ስፔሻሊስቷ የመጀመሪያ ጥያቄ "ምን ስትቀቢ ነበር?" የሚል ነበር። "ስም የለውም" ስላት ሳቀች። ጉንጬ ላይ የወጡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በመስታወት አሳየችኝ። ይህ የስቴሮይድ ሥራ ነው አለችኝ፣ እንደ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለ። ለችፌ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ መቅላቱንም እብጠቱንም ቶሎ ያጠፋል፣ ቀለምም ያነጣል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡት ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲያቆሙት ደግሞ የደበቀው ሁሉ ብሶበት ይመጣል።

የሰጠችኝ ነገር በቀላልነቱ አስገረመኝ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል የሚዋጥ አንቲባዮቲክ፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ መታጠቢያ፣ ቫዝሊን፣ ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት (ሰንስክሪን)። ዶክሲሳይክሊኑን በብዙ ውሃ ዋጪው፣ እንደዋጥሽም አትተኚ አለችኝ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ቆዳም በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ጎንደር ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን ሰው ፀሐይዋን ይንቃታል። ሰንስክሪን ውድ ስለሆነ ብልቃጡ ላይ የሚጻፈውን የመከላከል አቅም ቁጥር (ኤስፒኤፍ) አጣራሁ፦ ኤስፒኤፍ 30 የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ያህል ይከላከላል፣ 50ው ደግሞ 98። 30ውን ገዛሁና በተረፈኝ ብር ጃንጥላ ጨመርኩ።

ያንን ቅባት ካቆምኩ በኋላ የመጀመሪያው ወር ግን ሲኦል ነበር። በነጠላ ተሸፋፍኜ ነው ክፍል የምገባው፣ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ኮስሞቲክስ ቤቷ ልመለስ ባጃጅ ሁሉ ይዤ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ወረድኩ። ለመረጋጋት አራት ወር ፈጀ። ቡጉሩ ሲመለስ (ተመልሷል እኮ!) አዳፓሊን የሚባል የቡጉር ቅባት ታዘዘልኝ፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ ማታ ማታ።

አሁን የሚያየኝ ማን እንደሆነና ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ፊቴን ለማንም አልሰጥም። ለሁለቱ ልጆችም ነገርኳቸው። አንዷ አቆመች። ሌላኛዋ ቀናሽብኝ ብላ አኩርፋኛለች።

በቀደም አክስቴ አየችኝና "ምነው ልጄ፣ ጠቆርሽ?" አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት።