ስንት ኪሎ ነው?

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ካለው አፓርታማዬ በር ላይ ውሻውን መኪና ውስጥ አስገባሁ። ውሻው የእኔ አይደለም። ለእረፍት የሄደ ጎረቤቴ ለሳምንት አደራ ያለኝ ሃስኪ ነው። ዓይኑ ሰማያዊ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። አደራውን ስቀበል በልቤ ሌላ ነገር ነበረኝ። አብሮኝ ተራራ የሚወጣ ውሻ ልገዛ አስቤያለሁ፤ ስለዚህ ሳምንቷ የሙከራ ሳምንት ናት።

ሁለተኛው ተጓዥ ጋሼ ናቸው። ዴንቨር ውስጥ ታክሲ እየነዱ ልጆች አሳድገው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ ይወጣሉ። የእሳቸው ውሻ ቡኒ ላብራዶር ነው፤ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ወገቡ ትንሽ የወፈረ። ስሙ ቡቺ። ሌላ ስም ማን ያወጣል? ሃስኪውን በመኪናው መብራት አዩትና፣ "ይሄ ፎቶ ነው እንጂ ውሻ ነው?" አሉ።

መጀመሪያ ያሰብነው ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክን ነበር። ደንቡን ማንበባችን በጀን። እዚያ ውሻ መኪና ማቆሚያና ድንኳን መትከያ ድረስ እንጂ የእግረኛ መንገድ ላይ አይገባም። ስለዚህ ወደ ማውንት ቢርስታት ዞርን። ከፍታው 4,287 ሜትር ነው። ከባሌው ቱሉ ዲምቱ የሚያንሰው በ90 ሜትር ብቻ ነው። መኪና የሚቆምበት ጓኔላ ፓስ ራሱ ከ3,500 ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ውሻ ይፈቀዳል፣ ግን በገመድ።

ጆርጅታውንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ሃስኪው ማላዘን ጀመረ። ሃስኪ እንደ ሌላው ውሻ ብዙም አይጮኽም፤ ያላዝናል። ጋሼ አማተቡ። "ውሻ ሲያላዝን ደግ አይደለም፤ መስኮቱን ክፈትለት።" ከፈትኩለት። ብርዱ ፊታችንን ገረፈው፣ እሱ ግን ዝም አለ።

የቢርስታት መንገድ የሚጀምረው በቁልቁለት ነው። ረግረጉ ላይ የእንጨት መረማመጃ ተነጥፏል፤ ግራና ቀኙ የአኻያ ቁጥቋጦ ነው። ቡቺ ከጋሼ ጉልበት አጠገብ ዱብ ዱብ ይላል። እኔ ደግሞ እየተጎተትኩ ነው። ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ልገባ ለጥቂት ተረፍኩ። አልፈርድበትም። የሳይቤሪያ ቹክቺዎች ዘሩን ያራቡት የበረዶ ጋሪ እንዲጎትት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ ሲገባ፣ መድኃኒቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እየተቀባበሉ ያደረሱት የጋሪ ውሾች ናቸው። እኔም ለእሱ ጋሪ ነኝ።

ረግረጉን ሳንጨርስ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ሠላሳ እርምጃ ላይ፣ ከአኻያው መሐል፣ ጥቁር ነገር ቀና አለ። ሙስ። ከአጋዘን ዘር ትልቁ፤ ወንዱ 400 ኪሎ ይደርሳል። ኮሎራዶ ውስጥ የበዛው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ከዩታና ከዋዮሚንግ እየመጣ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ሙስ ውሻን ሲያይ የሚታየው ተኩላ ነው። አይሸሽም፤ ሊረግጠው ይመጣል። ውሻው ደግሞ ሮጦ የሚሸሸው ወደ ጌታው ነው፤ ሙሱን አስከትሎ።

ሃስኪው በኋላ እግሩ ቆሞ ገመዱን ወጠረው። ሁለት ጊዜ እጄ ላይ ጠምጥሜው ስለነበር ጣቶቼ ነጡ። ሙሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። የአንገቱ ፀጉር ሲቆም ይታየኛል። ጋሼ በቀስታ፣ "ቁጭ" አሉ። ቡቺ ቁጭ አለ። በአማርኛ! እንደዚያው በቀስታ፣ "ወደ ኋላ፣ ጀርባህን ሳትሰጥ" አሉኝ። ሃስኪውን በደረቱ አቅፌ እየጎተትኩ አፈገፈግን። ሙሱ መንገዱን እስኪለቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ልቤ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከዚያም በላይ ወስዷል።

አቀበቱ ላይ ግን ሃስኪው ካሰኝ። እየጎተተ አወጣኝ ብል ይቀላል። መተንፈስ ስችል ስልኬ ላይ ያጠራቀምኳቸውን ውሾች ለጋሼ አሳየኋቸው። መጀመሪያ በርኔዝ፣ የስዊዘርላንድ የገበሬ ውሻ፣ ወተት በጋሪ የሚጎትት የነበረ።

"ስንት ኪሎ ነው?" አሉ።

"እስከ 50።"

ዝም አሉ። ጀርመን ሼፐርድ አሳየሁ። "ስንት ኪሎ ነው?" የሃንጋሪውን አዳኝ ቪዝላን አሳየሁ። "ስንት ኪሎ ነው?" ቪዝላ ቀላል ነው፤ ግን የውስጥ ፀጉር ስለሌለው እንዲህ ያለ ብርድ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስለ ባሕርይ፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ፀጉር እንዲጠይቁኝ እጠብቃለሁ፤ እሳቸው እንደ ሥጋ ሻጭ ኪሎ ይጠይቁኛል። አስተዳደጋቸው ይሆናል ብዬ ተውኩት። ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው ያደጉት። እዚያ በግ የሚጠብቅ ውሻ ዘሩ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ማታ ይጮኻል ወይስ ይተኛል፣ ጥያቄው ይኸው ነው።

አንድ ቀን አገር ቤት ስገባ ውሻዬን ይዤ ሳነቴ ላይ እሄዳለሁ አልኳቸው። ተቆጡ። "ቀይ ቀበሮውን ልታስጨርስ?" እውነታቸውን ነው። ባሌ ውስጥ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮውን ደጋግሞ ፈጅቶታል።

ጫፉ ላይ ሻይ ከፔርሙዝ ቀዳን፣ ቆሎ ዘገንን። ቆሎው ዘቢብ ነበረበት። ለቡቺ ልሰጠው ስል ጋሼ እጄን መቱኝ። ዘቢብ የውሻን ኩላሊት ይጎዳል። አላውቅም ነበር።

ደመናው መጠራቀም ሲጀምር ወረድን። በበጋ እዚህ ከቀትር በኋላ መብረቅ አይቀርም። ከድንጋዩ ክምር ሳንወጣ ቡቺ ቆመ። የፊት ቀኝ እግሩን አንስቶ ያየናል። መዳፉ ሥር ያለው ወፍራም ቆዳ በሹል ድንጋይ ተተርትሯል። ጋሼ ከቦርሳቸው የልጅ ካልሲ አወጡ፤ የልጅ ልጃቸው ነው፣ ጥንቸል የተሳለበት። ቁስሉን በውኃ አጠቡ፣ ካልሲውን አጠለቁለት፣ በፕላስተር ጠቀለሉት። ቡቺ ሦስት መቶ ሜትር ያህል አነከሰና ተኛ።

"ስንት ኪሎ ነው?" አልኩ። ገና ከአፌ ሲወጣ ገባኝ።

"ሠላሳ ሁለት።"

ለጫፉ ብርድ ያመጡትን ጋቢ አነጠፍን። ቡቺን አስተኛንበትና ጫፍና ጫፉን ያዝን። ሃስኪውን ወገቤ ላይ አሰርኩት። በቁልቁለት፣ በእሱ ጉተታ፣ ሁለቴ ወደቅሁ። አንዲት የማናውቃት መንገደኛ አዝና ገመዱን ተቀበለችኝ። ሃያ እርምጃ እንሄዳለን፣ እናርፋለን። ጋሼ ፊታቸው ዳማ መሰለ፤ "ልቀይርዎት" እንዳልል ተቀያሪ የለም። በረዶ እንደ ባቄላ ወረደብን። ጠዋት በቁልቁለት ስንጀምር የተደሰትኩት እኔ፣ መጨረሻው አቀበት እንደሚሆን አላሰብኩም ነበር። መኪናው ጋ ስንደርስ እጄ ጋቢውን አልለቅ አለ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ቡቺ የኋላ ወንበር ላይ ያንኮራፋል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ባለቤት ያጡ ውሾች የሚቆዩበት ቦታ ሄድኩ። አንዲት የአውስትራሊያን ሼፐርድ ቅልቅል አሳዩኝ። ስሙ አውስትራሊያ ይበል እንጂ ዘሩ የወጣው እዚሁ አሜሪካ ምዕራብ ነው። ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ። ግቢው ውስጥ ስንዞር እንደ በግ እየከበበች ወደ ሠራተኛዋ ገፋችኝ። ሠራተኛዋ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፦ በዚህ ዘር ላይ የሚበዛ የዘረመል ችግር ስላለ፣ ሐኪም ሳይመረምራት አይቨርሜክቲን የሚባለውን የትል መድኃኒት እንዳልሰጣት።

"ሌላ ጥያቄ አለህ?" አለችኝ።

"ስንት ኪሎ ናት?"

"አሥራ ስምንት።"

ጎንበስ ብዬ የፊት እግሮቿን በአንድ ትከሻዬ፣ የኋላዎቹን በሌላው አደረግሁና ተነሳሁ። እንደ እረኛ። ሠራተኛዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ውሻዋ ጆሮዬን አሸተተችኝና አገጯን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርን።